አንድ ዐይን ስላለው ሥዕል

ዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸው እንዲከት ባዘዙባት በወረኢሉ በዳኝነት ሥራ ተቀምጠን ሳለ፥ አንድ ቀን ወደ ቤታችን ስንመለስ የአዳራሻችን ግድግዳ በከሰል ተሥሎበት አገኘነው። ሥዕሉ ካባ የለበሰ ሹም ነበረ፤ ፊቱም በጎን ስለ ተሣለ የሚታየው ዐይኑ አንድ ብቻ ነው። ካባውንና ጢሙን ባየን ጊዜ ሹሙ እኛው እንደ ሆንን ዐወቅን። የሣለውም የዐሥር ዓመት ልጃችን ነበረ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፥ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉና፥ ልጃችን ከኃጥኣን ቈጠረን ብለን ተቈጥተን አለንጋ አስመጣን።

ነገር ግን ሻርል ፊሊፖን በመሠረታቸው ላ ካሪካቱርና ለ ሻሪቫሪ በተባሉ የፌዝ ጋዜጦች ይሥል ስለ ነበረው ስለ ፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶምዬ ያነበብነው ትዝ አለን። እርሱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የድኆች ገንዘብ በቅርጫት እየተጋዘለት የሚውጥ ግዙፍ አድርጎ ስለ ሣለ፥ በሚከተለው ዓመት ታሰረ። የሚሥለውም በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ነበረ፤ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ የማተሚያው ቀለም ውሃውን ትቶ ቅባቱን ብቻ ይይዛልና፥ የእጁ ጭረት እንዳለ በወረቀት ይታተማል። በ1835 ሥዕል ሳይመረመር እንዳይታተም ሕግ በወጣ ጊዜም፥ እርሳሱን ወደ ዳኞችና ወደ ጠበቆች መልሶ፥ የአንዱን ትዕቢት በአገጩ አነሣሥ፥ የሌላውን እንቅልፍ በትከሻው አወዳደቅ በጥቂት ጭረት ያሳይ ነበረ።

ንጉሡ ሠዓሊውን ቢያስር ሥዕሉን ሊያጠፋው አልቻለም። እኛስ ልጁን ብንገርፍ በግድግዳው ላይ ያለው ነገር ሐሰት ይሆናልን?

ስለዚህ አለንጋውን አስቀምጠን በአንድ ዐይን ስለ ምን እንደ ሣለን ጠየቅነው። እርሱም እየፈራ፥ «አባባ፥ ትናንት ያች መበለት ከደጅ ሆና አቤት ስትል ፊትዎን አዙረው አለፉ። እኔም ከእርስዋ ጋራ ቆሜ ነበርሁና ያየሁት አንዱን ዐይንዎን ብቻ ነው» አለን።

መበለቲቱ ስለ መሬትዋ ነገር ሦስት ወር ሙሉ ደጅ የጠናችን ናት። በማግስቱ አስጠርተን አቤቱታዋን ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰማን።

ባለቤታችን ግድግዳው ይመረግ ብትል፥ እስከ ፋሲካ ይቈይ አልናት። ልጆች ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ልጃችሁ ግድግዳ በከሰል ቢያበላሽባችሁ፥ ከመግረፋችሁ በፊት ሥዕሉን ደኅና አድርጋችሁ ተመልከቱ።