የወጋ ቢረሳ

ባለፈው ክረምት አንድ የስደተኞች መጠለያ አስፈጀሁ። ለገዳዮቹ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ። ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ቤት ይከርማል። ማታ ማታ ላፕቶፑ ላይ ተተክሎ ሲያመሽ «ደግሞ የምን ተኩስ ነው?» እያልኩ አልፈው ነበር። አንድ ምሽት አጠገቡ ብቀመጥ ተኩስ የለም። ሰዎች ያወራሉ። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ከታች አራት አምስት መልስ ይደረደራል፤ ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፤ ታሪኩም በመረጠው በኩል ይታጠፋል። ዕድሜዬን በድርሰት ያሳለፍኩ ሰው ይህን አይቼ እንዴት ልነሳ!

ጌሙ «ባልዱርስ ጌት 3» ይባላል። ላሪያን የተባለ የቤልጂግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 አውጥቶት በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል። ሕግጋቱን የወረሰው በ1974 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንድን ተረት በጋራ ከሚፈጥሩበት ጨዋታ።

«በደግ ይጀምሩ ጋሼ፤ ሁሉም የሚጀምረው በደግ ነው» አለኝ።

እኔ ክፉውን መረጥኩ። ምክንያት ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ»ን ይዤ ክፍል በገባሁ ቁጥር ተማሪዎቹ የሚያደንቁት ኢያጎን ነበር። እኔም «ክፉ ገጸ ባሕርይ ከደጉ ይልቅ ይጥማል፤ አንባቢ ግን ከደሙ ንጹሕ ነው» እል ነበር። ኢያጎ መሐረቡን ሲያሰርቅ የእኛ እጅ የለበትም። እዚህ ግን አይጧን የሚጫነው የገዛ ጣቴ ነው። ንጽሕናዬን ልፈትነው አልኩ።

የመረጥኩት ሰው ራሱን አያውቅም። አእምሮው ተጎድቶ ያለፈውን ረስቷል፤ የቀረው የመግደል ግፊት ብቻ ነው። አልፊራ የምትባል አዝማሪ፣ ለሞተች አስተማሪዋ ዘፈን ስትገጥም የተዋወቅናት፣ አንድ ምሽት ሰፈራችን መጥታ ላድር አለች። አደረች። ሲነጋ ሬሳዋ አጠገቤ ነው፤ እጄ በደም ተነክሯል። ማንም አልጠየቀኝም፤ ተኝቼ ሳለሁ ሆነ። ለጓደኞቼ እውነቱን መናገርም መዋሸትም እችል ነበር። ዋሸሁ። ያንን ውሸት ግን ተኝቼ አልነበረም የመረጥኩት።

ቀጥሎ የስደተኞቹ ነገር መጣ። ቲፍሊንግ ይባላሉ፤ ቀንድና ጅራት አላቸው። ከተማቸው ኤልቱሬል ወደ ሲኦል ወርዳ ከተመለሰች በኋላ፣ ነገሩን የሰይጣን ዘር አመጣብን ተብለው የተባረሩ ናቸው። ደን ውስጥ ተጠግተዋል፤ ባለ ደኖቹም ውጡልን እያሉ ናቸው። መሪያቸው ዜቭሎር የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው። ሚንታራ የምትባል የጦር አዛዥ ደግሞ ጎብሊን የሚባሉ ድንክ ሽፍቶቿን አሰልፋ መጠለያውን ታድናለች። ቦታውን ነገርኳት። ዜቭሎር አምኖ ከጎኑ አሰለፈኝ፤ እኔም በሩን ከፈትኩላት።

ያን ምሽት ድግስ ነበር። ሽፍቶቹ ይጠጣሉ፣ ያሞግሱኛል። ዊል የሚባለው ጀግና ጥሎኝ ሄደ። ካርላክም ሄደች፤ ልቧ ወጥቶ በሲኦል ሞተር የተተካባት፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ሳቂታዋ ሴት።

እንደ ኢያጎ ጣፋጭ ነገር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ባዶ ሜዳ ነው። በታሪኩ ሁለተኛ ክፍል እርግማን በወረደበት ጨለማ አገር ውስጥ አንድ ብርሃን ያለው ማደሪያ አለ። እኔ ስደርስ ከስደተኞቹ አንድም የለበትም። የእህቴ ልጅ የራሱን ጨዋታ ከፍቶ ያንኑ ቤት አሳየኝ። ከመጠለያው የተረፉ ስደተኞች አሉበት፤ የካርላክን ሞተር የሚጠግነው አንጥረኛ አለ፤ አንድ ዓይኗን የሸፈነች ሞል የምትባል ሕፃን ከሰይጣን ጋር ቼዝ መሰል ጨዋታ ተቀምጣለች። እኔ ዘንድ ሁሉም የሉም። የገደልኩት ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ ወደፊት ሊነግሩኝ የነበረውን ጨዋታ ጭምር ነው።

«ክፉ ሆኖ የሚጫወት ሁሉ ይሄን ያማርራል፤ ታሪኩ ያንሳል ይላሉ» አለኝ።

ጉድለት ነው ይበሉት። እኔ ግን ደራሲዎቹ ሳያስቡትም ቢሆን ልክ ገቡ እላለሁ። ክፋት ከዳር ሆኖ ለሚያየው ድራማ ነው፤ ለሚኖርበት ግን ጠያቂ የሌለበት ቤት ነው።

«ደግሞ እኮ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። የአልፊራን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን» አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ይቺ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ በማስተምርበት ቦታ የአንድ ባልደረባዬ ውል ይታደስ አይታደስ ተብሎ ተሰበሰብን። የቀረበበት ክስ ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር። አልተናገርኩም። እሱ ሄደ፤ ያስተምረው የነበረው ኮርስ ለእኔ ተሰጠ። ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። ያንን ስብሰባ ያነሳው እሱ ነው። እኔ እኮ በዚያ ስብሰባ ላይ መኖሬን እንኳ እጠራጠር ነበር፤ ፈቃድ ላይ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር።

«ኧረ ነበርክ» አለኝ፤ ቁጣም የለበት። «ወረቀት ላይ ክብ ትስል ነበር። አንዱን ጨርሰህ ሌላ ትጀምራለህ። ቀና ትላለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል ቂምን የሚመለከት ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ወጊው ነው። መርሳት እንቅልፍ ነው፤ ደሙ ግን እጅህ ላይ አለ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ምን መለስኩ? ቡና እየዞረ ነበር፤ ስኒ ተቀበልኩ።

የእህቴ ልጅ ዝምታዬን አይቶ አዘነልኝ። «ሴቭ ያደረግነው አለ ጋሼ። በሩ ሳይከፈት በፊት ልመልስዎት?»

«ተወው» አልኩት። በዚያው በባዶው አገር ቀጠልኩ።

እሑድ ከሰዓት ስልኬን አንስቼ የባልደረባዬን ቁጥር ፈለግሁ። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ አንድም ቀን ደውዬለት አላውቅም። ሲጠራ፣ ከታች የሚደረደር መልስ አልነበረም።

«አቤት» አለ።

ስሜን ነገርኩት።