ሞተርና ካምቢዮ ስለ መምረጥ

በገዛ እጁ አውቶሞቢል ሊሠራ ለተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ፥ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከየትኛይቱ አሮጌ መኪና ልውሰድ የሚለው ነው። እኛ በዚህ ጥያቄ በሰው ቤት ገብተን በችኰላ ፈርደን ስለ ተሳሳትን፥ ሌላው እንዲጠነቀቅበት ነገሩን እንደ ሆነው እንጽፋለን።

ታናሽ ወንድማችን የሚኖረው በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያ አገር መኪናን በቤት የመግጠም ልማድ የቆየ ነው። ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ቀላል መኪና ባወጣ ጊዜ፥ ዕቃዋን ገዝቶ ራሱ የሚገጥማት ሰው ከግዢ ቀረጥ ይድን ነበር። ቀረጡ ከቀረ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ወንድማችንና የ19 ዓመት ልጁም እርስዋን የምትመስል መኪና ለመሥራት አስበው፥ ሻንሲውን ከብረት ቧንቧ በይደው ጨርሰው ነበር።

እኛ ለዕረፍት ከቤታቸው በገባን ጊዜ ግን አባትና ልጅ ተኳርፈው አገኘናቸው። አባት፥ «ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የምትባለውን አሮጌ መኪና ሙሉዋን እንግዛ» ይላል። ልጅ ደግሞ፥ «ጉልበት የበዛበትን ሞተር ብቻ ለይተን እንግዛ» ይላል። ወንድማችን፥ «ጋሼ፥ እርስዎ በፍርድ ቤት የሁለት ወገን ክርክር ሲጽፉ የኖሩ ነዎትና ይፍረዱን» አለን። ልጁም በማታ ሥራ ያጠራቀመውን 600 ፓውንድ አምጥቶ በፊታችን አኖረ።

እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ሰዓት ያየነው ነገሩን ሳይሆን የልጁን ዓይን ነው። ከአገር ርቆ ያደገ የወንድማችን ልጅ እንዲወደን ስለ ፈለግን ለእርሱ ፈረድንለት። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርም ተገዝቶ መጣ።

ሞተሩ ከሻንሲው አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ጥፋታችን ተገለጠ። ከፊት ጎማዋ ከምትነዳ መኪና የወጣ፥ በኮፋኖ ውስጥ በወርድ የሚተኛ ሞተር ነበር። የእነርሱ ሻንሲ ግን የኋላ ጎማ የሚነዳበት ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በቁመት ተኝቶ ካምቢዮው ከኋላው ሊከተለው ይገባል። የራሱ ካምቢዮ ለዚህ አይሆንም፤ የሌላ መኪና ካምቢዮ ቢመጣም የብሎኖቹ ቀዳዳ ስለማይገጥም፥ በመካከል የሚገባ ልዩ ማገናኛ ማሠራት ያስፈልጋል። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ከሻንሲው በታች ወርዶ ወደ መሬት ቀረበ። ሞተሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ሣጥን ደግሞ የቀድሞዋን መኪና ቁልፍ ካላወቀ አያስነሣም። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ቢደመር ከሞተሩ ዋጋ በለጠ።

ወንድማችን አንድ ቃል እንኳ አልተናገረንም፤ ዝምታው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደን። በማግስቱ ሁለቱን ባንድነት አስቀምጠን፥ «የተሳሳተው ፍርዳችን ነው፤ ጥፋቱም የልጁ ሳይሆን የእኛ ነው» አልን። ሞተሩ በኪሳራ ሲሸጥ የጎደለውን ከኪሳችን ከፈልን።

ከዚህ በኋላ አካልዋ በዝገት የተበላ፥ ሞተርዋ ግን ደኅና የሆነ ኤምኤክስ 5 ተገኘች። ከ1989 ጀምሮ የተሠራችው ይህች መኪና ሞተርዋ በቁመት ይተኛል፤ የምትነዳውም በኋላ ጎማዋ ነው። በዚህ ጊዜ ገና ሳትፈታ ሞተሩን አስነሥተን ሰማን፤ ጭሱን አየን፤ ነድተንም ማርሾቹን አንድ ባንድ ሞከርን። ጉልበቱ 115 ፈረስ ያህል ነበር። ልጁ አነሰ ብሎ ቢያዝን አባቱ በወረቀት አሰላለት፤ 600 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ115 ፈረስ ብትሳብ፥ 1200 ኪሎ የምትመዝነው በ230 ፈረስ እንደ ተሳበች ይቆጠራል። ልጁም ይህን አይቶ ሣቀ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሞተሩን፥ ካምቢዮውን፥ ዲፈረንሻሉንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከአንዲት መኪና ይውሰድ። ሽቦውን ከመንቀሉ በፊት በያንዳንዱ ላይ ስሙን ጽፎ ይለጥፍ። የሞተሩን ዕድሜ የሚያስረዳውንም ወረቀት አይጣል፤ በእንግሊዝ አገር በቤት የተሠራች መኪና መንገድ ሳትወጣ ትመረመራለችና፥ የጭሱም ፈተና በሞተሩ ዕድሜ ይወሰናልና።

በቅርቡ ከወንድማችን ደብዳቤ ደረሰን። ሞተሩ በአዲሱ ሻንሲ ላይ መጀመሪያ በተነሣበት ቀን፥ ልጁ ቁልፉን ከእጁ አውጥቶ፥ «አባዬ፥ አንተ አስነሣው» ብሎ እንደ ሰጠው ጽፎልናል።