ከዲንሾ እስከ ሐረና
በባሌ ደን ውስጥ በድንኳን ስለ ማደር

ድንኳን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ ብዙውን ዘመናቸውን በድንኳን አሳልፈዋል፤ ሰፈሩም ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣ ነበር። የሚነሣውም ሁልጊዜ ስለ ጦር አልነበረም፤ ማገዶ እያለቀ ነው እንጂ። ዐፄ ምኒልክ እንኳ የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ባለቀ ጊዜ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበርና፥ ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዋና ከተማችን ምናልባት ሌላ ቦታ በሆነች ነበር። ስለ ሽርሽር ስንጽፍ ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደን ውስጥ የሚያድር ቤተ ሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ይኸው የማገዶ ነገር ነውና።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል 400 ኪሎሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዲንሾ ይደርሳል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህ ሲሆን፥ ፓርኩ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ድንኳናችንን የተከልነው በጽድና በኮሶ ጥላ ሥር ነው። ኮሶን በምሬቱ ብቻ የምናውቀው ሰዎች፥ ዛፉን በቁመቱና በቀላው ቅርፊቱ፥ እንደ ሽበት በተንጠለጠለው ሽበቶ ሲታይ፥ ስለ ምሬቱ ይቅር እንለዋለን። ማለዳም የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ሲሆን፥ ከሰው ጋር የተላመደ ስለሆነ ከድንኳኑ ጥቂት ራቅ ብሎ ሲግጥ ይታያል። ከርከሮውም በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ሲነጭ ልጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ድንኳኑን ሎሌ እንዲተክለው መተው አባቶቻችን የለመዱት ወግ ነው። እኛ ግን ለልጆቹ ሰጠናቸው፤ የዛሬው ድንኳን ቀላል ስለሆነ ሁለት ልጆች ይበቁታል። ነገር ግን ካስማውን አጥብቆ መትከልን፥ አውታሩን መወጠርን፥ በሩንም ከነፋስ ማዞርን ማሳየት ያስፈልጋል። ጐድጓዳ ቦታም አይመረጥ፤ ዝናብም ብርድም ወደዚያ ይወርዳልና። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥሩ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ብዙ ሰው ከላይ የሚደርበውን ያበዛል፤ ብርዱ ግን ከመሬት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አጎዛና ወፍራም ምንጣፍ ከሥር ይነጠፍ፤ ጋቢው ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ከዲንሾ በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል። 4,377 ሜትር የሚሆነው ቱሉ ዲምቱ የሚገኘው በዚህ ነው፤ ቀይ ቀበሮም በጅብራው መካከል ፍልፈል ሲያድን ይታያል። ከልጆች ጋር ግን እዚያ ማደርን አንመክርም፤ ከፍታው ራስ ያሳምማልና፥ አይቶ ማለፍ ይሻላል።

ከአምባው ወደ ደቡብ መንገዱ ሲያዘቀዝቅ፥ እስከ ሪራ መንደር ድረስ ከሺሕ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አገሩም ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ሽበቶ የለበሰው አስታ፥ ቀጥሎ ቀርከሃው፥ ከዚያ ፀሐይን የሚጋርደው የሐረና ጥቅጥቅ ደን ይመጣል። ዝቅ ብሎም ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። በዛፎቹ ላይ የአገሩ ሰው የንብ ቀፎ ይሰቅላል። እኛ ሁለተኛውን ሌሊት ያደርነው ካቻ በሚባለው ገላጣ ሜዳ ሲሆን፥ ጉሬዛው ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰን።

እዚህ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ያለ እሳት ድንኳን ምን ደስታ አለው አሉ፤ እውነትም አላቸው፤ ሽማግሌ የሚተርከው እሳት ዳር ነው። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ማገዶ የሚሆነው ግንድ ብዙ ዘመን የቆመ ነው። አስታው ደግሞ በበጋ እንደ ክብሪት ይያያዛል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ነዶ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሊያጠፉ ዘምተው ነበር። በደኑ አጠገብ የሚኖረው ባላገር እንጨት ቢለቅም ቤቱን ሊያሞቅና እራቱን ሊያበስል ነው። እኛ ለጨዋታ የመጣን ሰዎች ከእርሱ ጋር በማገዶ ልንሻማ አይገባንም ብለን፥ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ሽሮና ቡና አፍልተን ረካን።

እሳት ባለመኖሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይናችን ጨለማውን ለመደ፤ በዛፎቹ ጫፍ መካከልም ኮከቦቹ ወጡ። ከሩቅ የጅብ ድምፅ ተሰማ፤ ታናሹ ልጅ ወደ እናቱ ጋቢ ገባ። ሽማግሌውም በጨለማ ተረቱን ጀመሩ፤ ማንም እሳቱን አላሰበውም። በማግሥቱ ሪራ ላይ ማር ገዝተን ወደ ጎባ ተመለስን።