አራት የላስቲክ ኳሶች በሲቀላ ሰማይ

በአርባ ምንጯ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የሠርግ ቀራጮች ማስታወቂያ ላይ «በፎር ኬ፣ በድሮን» የሚለው ጎልቶ ይጻፋል። «ምስላችን አይንቀጠቀጥም» የሚል ግን አላየሁም። ደንበኛው ባያውቀውም ዋናውን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ነው። የሙሽሪት ቬሎ ጫፍ ቪዲዮው ላይ ሲርገበገብ ያየች አክስት ስለ ፎር ኬ አትጠይቅም፤ «ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» ትላለች።

*

ችግሩ የሚነሣው ከፕሮፔለሩ ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 100 ዙር ይመታል። አንዱ ክንፍ ከሌላው በጥቂቱ ከከበደ በየዙሩ የድሮኑን አካል አንድ ጊዜ ይጎትታል፤ በሰከንድ መቶ ጉተታ ማለት ነው። የካሜራው ሴንሰር ደግሞ ምስሉን በአንድ ቅጽበት አያነሣም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነብባል። የላይኛው መስመር ተነብቦ የታችኛው እስኪደርስ ካሜራው ቦታውን ለቅቋል። ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት ምሰሶ የሚጥመለመለው ለዚህ ነው። በሙያው ቋንቋ «ጄሎ» ይባላል።

*

«ጊምባል አለው አይደል?» ይባላል። አዎ፣ አለው። ጊምባል የሚያርመው ግን መዞርን ነው፦ ድሮኑ ሲያጎነብስ፣ ሲያጋድል፣ ፊቱን ሲያዞር ጋይሮው ይለካል፣ ሦስቱ ትንንሽ ሞተሮች ካሜራውን በተቃራኒው ያዞሩታል። በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚመጣውን ጥቃቅን ምት አይደርስበትም። ያንን የሚቀበሉት ጊምባሉ የተንጠለጠለበትን ሰሌዳ ከድሮኑ ሆድ ጋር የሚያያይዙት የላስቲክ ኳሶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ አራት። ከዕቃው ሁሉ ርካሾቹ እነሱ ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራም የለም።

*

ላስቲክ ስለገባ ብቻ ንዝረት ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም በላስቲክ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው። ካሜራው በክብደቱ ላስቲኩን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከለጠጠው፣ ያ ፍጥነት በሰከንድ 16 ጊዜ ገደማ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመጣው ንዝረት እዚህ ሲደርስ ከሠላሳ አንድ እጁ እንኳ አያልፍም። ላስቲኩ ደንድኖ፣ ወይም ካሜራው ቀሎ፣ የራሱ ፍጥነት ወደ መቶው ከተጠጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ላስቲኩ ንዝረቱን ያባብሰዋል። መቀነስ የሚጀምረው የሚመጣው ንዝረት ከራሱ ፍጥነት 1.4 እጥፍ ገደማ ሲያልፍ ነው። «ይበልጥ ለስላሳ ከሆነስ?» የሚልም አለ። ያኔ ደግሞ ድሮኑ በዞረ ቁጥር ካሜራው ይንገዋለላል፣ ጊምባሉም ራሱ ያልፈጠረውን ውዝዋዜ ሲያሳድድ ይውላል።

*

ጊምባሉ ሐይቅ ውስጥ እንዳይወድቅ ፈርቶ ሰሌዳውን ከድሮኑ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር አለ። ንዝረቱም ላስቲኩን ትቶ በማሰሪያው በኩል ይሻገራል። ማሰሪያ ይኑር፤ ግን ላላ ብሎ፣ ላስቲኩ ሲበጠስ ብቻ የሚይዝ። ደረቅ የካሜራ ገመድም እንዲሁ ድልድይ ይሆናል።

*

ይህ የንዝረት ጣጣ ከድሮን በፊትም ነበር። ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር አልቤር ላሞሪስ ከሄሊኮፕተር የማይንቀጠቀጥ ምስል ለማንሣት «ኤሊቪዥን» የተባለ የካሜራ መያዣ ፈለሰፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ኢራን ውስጥ ከአየር ሲቀርጽ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ዲጄአይ ፋንተም ድሮን ደግሞ የራሱ ካሜራ እንኳ አልነበረውም። ገዢው ጎፕሮ ካሜራውን ከሥሩ ይሰካበትና ጄሎውን ይታገላል፦ በስፖንጅ፣ በጆሮ መድፈኛ፣ ባገኘው ለስላሳ ነገር። ዛሬ በኪስ የሚገባው ድሮን ያንን ሁሉ ሙከራ ውጦ የተሠራ ነው።

*

የሲቀላ ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሲዘል እርሳስ ለጥፎ ባላንስ ያደርጋል። ፕሮፔለርም ሕጉ ያው ነው፦ በቀለለው ክንፍ ጀርባ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ይለጠፋል። ላስቲክ ከመቀየር በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው። ጫፉ የተሰነጠቀ ፕሮፔለር አድርጎ አዲስ ላስቲክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በተሳሳተ በኩል አውጥቷል።

*

በጋሞ ከፍታው በአንድ ጧት ይለዋወጣል። ሲቀላ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዶርዜ ከ2,500 በላይ። በእኔ ስሌት በሲቀላ የቀትር ሙቀት አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ፕሮፔለሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አሥረኛ ያህል ጨምሮ መዞር አለበት፤ ዶርዜ ላይ ሌላ አምስት፣ ስድስት በመቶ ይጨመራል። የንዝረቱ ፍጥነት አብሮ ይወጣል ማለት ነው። ቆላ ላይ የለሰለሰው ላስቲክ ደጋ ሲወጣ ይደነድናል። ታች ጥሩ የሠራ ዕቃ የዶርዜን የቀርከሃ ቤቶች ሲቀርጽ ቢያምፅ አይገርመኝም።

*

የሠርግ ፕሮግራም ደግሞ ለብርሃን አይጨነቅም፤ የሐይቅ ዳር ቀረጻው ብዙ ጊዜ ቀትር ላይ ይውላል። በዚያ ፀሐይ ካሜራው መዝጊያውን ወደ 1/2000 ሰከንድ ያፈጥናል፤ እያንዳንዷ ንቅናቄም ጥርት ብላ ትያዛለች። ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር አድርጎ ወደ 1/50 ቢያወርደው በዚያች ጊዜ ውስጥ መቶው ንዝረት ሁለቴ ተመላልሶ ስለሚያበቃ ጄሎው ይደበዝዛል። መደበቅ እንጂ መዳን አይደለም። ሙሽሮች ግን ልዩነቱን አይጠይቁም፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

*

ድሮን ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን በእጁ ያደረገ ሰው እንኳ ሲቀላ ላይ ከኤርፖርቱ አጠገብ እንዳለ መርሳት የለበትም። ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ካመራም ሌላ የፈቃድ ደጅ ይጠብቀዋል።

*

አብዛኞቹ የቀረጻ ድሮኖች ማይክሮፎን የላቸውም። ቢኖራቸውም የሚሰማው ያው የፕሮፔለር ጩኸት ነበር፤ ላስቲኩ ካሜራውን እንጂ ጆሮን አያድንም። ስለዚህ ከሰማይ የተቀረጸችው አርባ ምንጭ ዲዳ ናት። ኤዲተሩ ክራር ወይም ዋሽንት ይጨምርላታል፤ የባጃጁ ጩኸት፣ ሙዝ የሚጭኑት ሰዎች ጥሪ ይቀራል። የከተማዋ አንዱ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ከሌላው የማይለየውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፦ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ፣ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሸሽ ካሜራ። እንከን የለውም፤ ማንም አይኖርበትም።

*

ከተማዋን ስም ያወጡላት ምንጮች ከጥቅጥቅ ደን ሥር ነው የሚፈልቁት። ድሮን ከላይ የዛፍ አናት ብቻ ያያል። አርባውን ምንጭ የሚፈልግ ቀራጭ በእግሩ ይውረድ።

*

የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡትን ወጣቶች ከበቀል የመለሱበት ምስል በአገሩ ሁሉ የዞረው ከመሬት፣ በሰው ቁመት ተነሥቶ ነው። ከመቶ ሜትር ከፍታ ቢቀረጽ ጉልበቱም ሣሩም አይታዩም ነበር።

*

ላስቲክ የሚቀይር ሰው አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይር። አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ በፀሐይ የደከሙ ከሆኑ ሰሌዳው ወደ ደካሞቹ ያዘነብላል፤ ጊምባሉም ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት ጀምሮ ያንን ዘንበል ሲያርም ባትሪ ይበላል።