ምላጭሽንና ማስመሪያሽን አትርሺ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ልትሄጂ ስለሆነ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መክሮሻል። አክስቶችሽ ስለ ጓደኛ አመራረጥ፣ አጎትሽ ስለ ደመወዝ አያያዝ፣ ጎረቤታችን አዴ ደግሞ ስለ ብርዱ ነግረውሻል። ሁሉም ከልብ የተባለ ነው፤ ያዢው። እኔ የምጨምርልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከልብስሽ ጋር ምላጭሽን፣ ማስመሪያሽንና ያንን ያለቀ እስክሪብቶሽን አስገቢ። በካርቶን ቤትና ባቡር መሥራትሽን እንደገና ጀምሪው።

ሚኒስትሪ ሲደርስ አቆምሽው፤ ማትሪክ መጣ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ትምህርት ስለነበረ አልተናገርኩም። አሁን ግን ኑሮሽ ከሥሩ ሊለወጥ ነው፤ እኔም የምናገረው ለዚሁ ነው። ሰው ኑሮው ሲለወጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው እጁ የሚወደውን ሥራ ነው። ጊዜ የለኝም ይላል፣ የልጅነት ነገር ነው ይላል። ልጄ፣ ያ ሥራ ከሁልጊዜው ይልቅ የሚያስፈልገው በዚያን ሰዓት ነው። አዲስ ቦታ ላይ ብዙው ነገር በሌላ ሰው እጅ ነው፤ አለቃሽ እስኪያውቅሽ፣ አከራይሽ እስኪያምንሽ፣ ጓደኛ እስክታገኚ መጠበቅ አለብሽ። ወረቀቱ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ዛሬ የጀመርሽው ግድግዳ ዛሬ ማታ ይቆማል።

ይህን የምልሽ ስላየሁት ነው። እናትሽ ካረፈች በኋላ፣ አሮጌውም ባቡር ቆሞ እኛ ሠራተኞቹ በየቤታችን ስንቀመጥ፣ ቀኑ አልመሽ አለኝ። በልጅነቴ በሲጋራ ካርቶን ፉርጎ እሠራ ነበርና ወደዚያው ተመለስኩ። ሐዘኔን አልወሰደልኝም። ግን ዛሬ የጣሪያውን ግማሽ እለጥፋለሁ፣ ቀሪውን ነገ እጨርሳለሁ እያልኩ አደርኩ። ያዘነ ሰው ነገን የሚፈልግበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ትንሽም ቢሆን ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ማየት ማስተማሩ ነው። የምትሠሪውን ሕንፃ መስኮቱን ሳትቆጥሪ፣ የጣሪያውን ቁልቁለት ሳታጤኚ አትሠሪውም። ከተማችንን እንዲህ ካየሻት ታሪኳን ራሷ ትነግርሻለች። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላልፈቀደ ሐዲዱ በግርጌው ሜዳ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ቦታው አዲስ ሐረር ተባለ። ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ቆመ፤ ድሬም ለዓመታት የመጨረሻዋ ጣቢያ ሆነች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚራ ለባቡሩ ሲባል በፕላን ስለተሠራች መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ግን ነጋዴውና ነዋሪው እንደየአመጣጡ የሠራት ናት። ሁለቱን በካርቶን ስትሠሪ ልዩነቱን እጅሽ ያውቀዋል። ለከዚራ አንድ ልክ ይዘሽ ብዙ ግድግዳ ትቆርጫለሽ፤ በመጋላ እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱ ልክ አለው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰውና ብዙ ቤት እንደወሰደ ታስታውሺያለሽ። ከእነዚያ ቤቶች ጥቂቱን በትዝታ ሠርቻለሁ። ጎረቤቶች እየመጡ በሩ በዚህ በኩል ነበር፣ እዚህ ጋ ዛፍ ነበረ እያሉ ያርሙኛል። እያረሙም ስለሞቱት ያወራሉ። ሌላ ጊዜ የማያነሡትን ነገር ካርቶኑ ፊት ተቀምጠው ያነሣሉ።

የልጅ ጨዋታ ነው የሚልሽ ቢኖር እንዲህ በዪው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር እንጨቱም ብረቱም ለጦርነቱ ሲውል፣ ማይክሮሞዴልስ የሚባሉ፣ ፖስትካርድ በሚያካክል ካርድ ላይ የታተሙ የወረቀት ሞዴሎች ይሸጡ ነበር፤ ሰውም ከእነሱ ባቡርና መርከብ ይሠራ ነበር። በፖላንድ ደግሞ ማዊ ሞዴላሽ የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ እየተቆረጠ የሚገጣጠም አውሮፕላንና መርከብ እያተመ ለብዙ ትውልድ አድርሷል። ይህ ሥራ የሚያብበው ሌላው ነገር በጠፋበት ነው፤ የሚጠይቀው ወረቀት፣ ስለትና ትዕግሥት ብቻ ነውና። ስለዚህ ደመወዜ ይጨመር፣ ሰፊ ቤት ልከራይ ብለሽ አታቆዪው። ለአንድ የጫማ ካርቶን የሚሆን ጠረጴዛ ካለሽ ይበቃል።

እጅሽ ረስቶት እንደሆነ ላስታውስሽ። ከማጠፍሽ በፊት መስመሩን በማስመሪያ እየመራሽ ባለቀው እስክሪብቶ ጫን ብለሽ አስምሪ፤ ያኔ እጥፉ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ መስኮቱንና በሩን ቁረጪ፣ የዙሪያውን ጠርዝ መጨረሻ ላይ፤ አለዚያ የምትይዢበት ታጫለሽ። ወረቀት በአንድ በኩል በቀላሉ ይጠቀለላል፣ በሌላው በኩል ይሰበራል፤ የባቡሩን ቦይለር ከመጠቅለልሽ በፊት በሁለቱም በኩል ጎንበስ አድርገሽ ሞክሪው። ኮላ ሳትቀቢ ክፍሎቹን አንድ ጊዜ ገጣጥመሽ እዪ። ኮላውን በስሱ ቀቢው፤ ሲበዛ ወረቀቱ ይጎብጣል። በእኛ ሙቀት ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ የአዲስ አበባ ክረምት ግን እርጥበታም ነውና ታገሺው፣ ከባድ መጽሐፍም ጫኚበት። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳያስጠላ በእርሳስ ቀለም አስነኪው። ለግድግዳ ያገለገለ ክላሰር ጥሩ ነው።

ልክሽን 1 ለ 100 አድርጊው። የአሮጌው መስመራችን ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ በወረቀትሽ ላይ ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንቺ የምትሄጂበት የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያው ልክ ከ14 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሠሪያቸው የእኔንና የአንቺን ዘመን አንድ ጠረጴዛ ላይ ታያለሽ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚህ ልክ ልሥራ ብትዪ 7.8 ኪሎ ሜትር ወረቀት ይፈጅብሻል። እውነተኛውን ሐዲድ ሰው በእጁ ማንጠፉን አስቢ።

አዲስ አበባ ስትደርሺ በለገሀር ጣቢያ ጀምሪ። የእኛ መስመር ያለቀው እዚያ ነው፤ ፊት ለፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆሟል። ከዚያ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሄደሽ አናቱ ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት ሥሪ፤ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ያው ሰው። እየቆጠርሽና እየሳልሽ ስትዞሪ ከተማው ይለምድሻል፤ ዘበኛው ምን እንደምትሠሪ ይጠይቅሻል፣ ሊስትሮው መቀመጫ ይሰጥሻል። አንድ ሕንፃ ሠርተሽ ስትጨርሺ በዚያ ሠፈር እንግዳ አይደለሽም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በወረቀቱ ከሰው አትደበቂ። ቡና ከተጠራሽ ምላጩን አስቀምጪና ሂጂ፤ ለቅሶ ካለ ድረሺ። የሠፈሩ ልጆች በር ላይ ቆመው ካዩሽ አስገቢያቸው፣ ለትንንሾቹ ምላጭ ሳይሆን መቀስ ስጫቸው። ድሬ ያሳደገችሽ በሩን ሳትዘጋ ነው፤ የድሬ ልጅ የያዘውን አይደብቅም። ሥራው ከደከመሽም ተዪው፣ ማንም ቀን አልቆረጠልሽም። ስትመለሺ ካቆምሽበት ይቀጥላል።

እኔም እዚህ እሠራለሁ። የሠራሽውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ስህተት ካየሁ እነግርሻለሁ፣ አንቺም የእኔን እረሚ። አባትና ልጅ ስለ ደመወዝና ስለ ጤና ብቻ ሲጠያየቁ ወሬያቸው ቶሎ ያልቃል። እኛ ግን ስለ ጣሪያና ስለ መስኮት ስናወራ ረጅም ጊዜ እንቆያለን፤ በመካከሉም እውነተኛው ነገር ይወጣል።

ወጥተሽ ግቢ ልጄ። እንጀራሽ ይባረክ፣ የሰው ፊት ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ። የጀመርሽውን ለመጨረስ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የሚወድሽ አባትሽ