የውሻ ሞት

«የውሻ ሞት ሞተ» እንላለን። አንድ ሰው ጠያቂና አልቃሽ ሳይኖረው ሜዳ ላይ ወድቆ ሲቀር ለሞቱ የምናገኝለት ስም ይኸው ነው። ስድቡ ለሰውየው ይሁን ለውሻው ጠይቀን አናውቅም። መቸም ለውሻ ሁለት ፊት አለን። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ውለታ ቢሱን ሰው እናሳፍርበታለን፤ ዞር ስንል ደግሞ የጠላነውን ሁሉ በእሱ ስም እንጠራለን።

ይህን ነገር ላስብበት የተገደድኩት በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ምትክ የሚባለው ውሻችን በሞተበት ዓመት።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የልደታ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የግል ቤት የነበረው ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት የነበረው ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እየተባለ ነዋሪው ተበተነ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምጣዱ፣ የተነቀለው ቆርቆሮ ሳይቀር በአይሱዙ ተጫነ። ውሻ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ያደርጋል? አጥር የለ፣ ጓሮ የለ፣ የሚጠብቀው በር የለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ውሾች ቀሩ። ጌቶቻቸው ጨካኞች ሆነው አይደለም፤ ለራሳቸውም መድረሻቸውን በቅጡ ያላወቁ ሰዎች ነበሩ። ውሾቹ ፍርስራሹ ላይ ተኝተው፣ ሰው ባለፈ ቁጥር እየተነሱ፣ የሌለ ቤት ይጠብቁ ነበር። ከነዚያ አንዱ፣ ዓመት የሞላው የማይመስል፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ቡናማ ውሻ ተከትሎኝ እቤት መጣ። ጎረቤቶቻችን «ሰው ሁሉ ምትክ ሲያገኝ እሱም አገኘ» ብለው ሳቁ። ምትክ ሆኖ ቀረ።

እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። ውሻ ልብሷን ከነካው ቀሚሷን ሳትለውጥ ለጸሎት የማትቆም ሴት ናት። «ከበረንዳው እንዳያልፍ» አለች፤ አላለፈም። አሥራ ሦስት ዓመት በረንዳው ላይ ኖረ። ሆኖም እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ማሟሻዋ የእሱ ነበረች፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አሮጌ ጋቢ ከወዲያ ተወርውሮለት ይገኛል። ማን እንደወረወረው አይነገርም።

የከተማችን ሰው ውሻን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ ነው የሚይዛቸው። ምትክ በየዓመቱ ክትባት ይወጋ ነበር። ያልታደለው የጎዳና ውሻ ዕጣው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ባለቤት አልባ ውሾቿን ለብዙ ዘመን ስትቀንስ የኖረችው በመርዝ ነው። ስትሪክኒን ይባላል። ጡንቻን ሁሉ ጨምድዶ ይይዛል፤ እንስሳው ራሱን ሳይስት፣ እያወቀ፣ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ልጆች ሳለን በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አራት እግሮቻቸው እንደ እንጨት የደረቁ ውሾች መንገድ ዳር አይተናል። አነጋገሩ ከየት እንደመጣ አያስቸግርም።

ምትክን በመጨረሻው ዓመት የኋላ እግሮቹ ከዱት፤ ሆዱ ውስጥም ዕጢ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሙ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን እንደማይቻል ነገረን። የመርፌውን ነገር ያነሳውም እሱ ነው። ለሰው ሲሆን «ቀኑን የሚያውቅ አንድዬ ነው» ብለን እናርፋለን። እኔ ግን ቀን ቁረጥ ተባልኩ። ሐሙስ ይሁን ዓርብ? ጠዋት ይሁን ከሰዓት? እንዲህ ያለውን ቀጠሮ ማን ይሰጣል?

እናቴን ሳማክራት «ነፍስ ማጥፋት አይሆንብንም ወይ?» አለች። ሁለት ሌሊት ሲያቃስት አብራው ሳትተኛ አደረች። በሦስተኛው ቀን ጠርታኝ፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ፍጡር የሚሰቃየው እኛ እንዳናዝን ነው እንዴ? ጥራው ሰውየውን» አለችኝ።

ሐኪሙ እቤት መጣና አሠራሩን አስረዳን። መጀመሪያ የሚያረጋጋ መርፌ ይሰጠዋል፤ ሲያንቀላፋ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ በደም ሥሩ ይገባል። አእምሮው ቀድሞ ይተኛል፤ ከዚያ ትንፋሹ፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። «ዓይኑ ላይከደን ይችላል፤ እንዳትደነግጡ» አለን። እንዳለውም አልተከደነም። እናቴ አሥራ ሦስት ዓመት ያልነካችውን ራስ በነጠላዋ ጫፍ ደግፋ ይዛው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሥርዓት የሌለው። ለውሻ ጥሩምባ አይነፋም፤ የእድር ድንኳን አይተከልም፤ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል አይመጣም። ሆሜር ኦዲሲየስን ከሃያ ዓመት በኋላ የለማኝ ልብስ አልብሶ ወደ አገሩ ሲመልሰው፣ ፍግ ላይ የወደቀው ያረጀ ውሻው አርጎስ ያውቀዋል፤ ጅራቱን ቆላ አድርጎ ይሞታል። ያ ሁሉ ጦርነት ያለፈው ጀግና ማንነቱ እንዳይታወቅበት ዕንባውን ሰርቆ ይጠርጋል። እኔ የምደብቀው ማንነት አልነበረኝም፤ ያም ሆኖ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እናቴ የእኔን ሆሜር አታውቀውም፤ የራሷን መጽሐፍ ግን ታውቃለች። ማታ ቡናው ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው ከእሱና ከመልአኩ ጋር አብሮ መሄዱን አነሳች። «ሩፋኤል ያልተጸየፈውን እኔ ማን ነኝና!» አለች።

ጉድጓዱን ከጓሮ የቆፈሩልን የሰፈሩ ዘበኛ ናቸው። ለቅሶ ደራሽ ከተባለ የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ የድካማቸውን ልሰጥ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ ክንዴን ያዙኝ።

«ተው እንጂ! ሌሊቱን አብረን ስናድር ስንት ዓመታችን ነው» አሉና አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ሌሊት ፊሽካቸውን ሲነፉ ሰማሁ። ምትክ ሁልጊዜ ይመልስላቸው ነበር። ጥቂት ቆዩና አንዴ ደገሙት።