ዘፈኑን ወደዱት፣ ዘፋኙንስ?

1969፣ ምሥራቅ ለንደን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ፀጉሩን በማሽን ያስከረከመ፣ ቡትሱ እንዲታይለት ሱሪውን ያሳጠረ የወዛደር ልጅ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት ገብቶ በጃማይካ ዘፈን ሸሚዙ በላብ እስኪርስ ይጨፍራል። በዚያ ዓመት የኪንግስተኑ ዴዝመንድ ዴከር «ኢስራኤላይትስ» በእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ አንደኛ ወጥቶ ነበር፤ ገዝተው አንደኛ ካወጡት መካከል ይህ ልጅና ጓደኞቹ አሉበት። ከእነዚሁ ልጆች አንዳንዶቹ ግን ጭፈራው ሲያበቃ ተሰባስበው ከሥራ የሚመለስ ፓኪስታናዊ መንገድ ላይ ጠብቀው ይደበድቡ ነበር። እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ስምም አውጥተውለታል።

ስኪንሄድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሂትለርን ሰላምታ ነው። እኔን የሚገርመኝ አጀማመራቸው ነው።

«ኤምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ በ1948 ከካሪቢያን የተነሱ ሰዎችን ቲልበሪ ወደብ ላይ ካራገፈች በኋላ ብዙ ጃማይካውያን እየመጡ በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በኮቨንትሪ ሠፈሩ። ነጭ የሚጨፍርበት ቤት ስለማያስገባቸው በየምድር ቤቱ ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ደርድረው የራሳቸውን ጭፈራ አቆሙ። ነጩ የወዛደር ልጅ ከጥቁሩ ጎረቤቱ አረማመዱን፣ አለባበሱንና ዳንሱን የቀዳው እዚያው ሠፈር ውስጥ ነው። አሳጥሮ የሚለብሰው ሱሪ ሳይቀር «ሩድ ቦይ» ከሚባሉት የኪንግስተን ጉልቤዎች የመጣ ነው። በ1968 የተቋቋመው ትሮጃን የተባለው የሸክላ አሳታሚ ስኪንሄዶችን ዋና ደንበኞቹ አደረጋቸው፤ ሲማሪፕ የሚባል የጥቁሮች ባንድ ደግሞ ስማቸውን ጠርቶ ዘፈነላቸው።

ስለዚህ ስኪንሄዱ ጥቁር ሙዚቃ ይሰማል ማለት አይበቃም፤ ከእግር እስከ ራሱ ያማረበት ከጥቁር በተማረው ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍቅር ለምን እጁን አልያዘውም?

መልሱን ሳስበው ወደ እኛ አገር ይወስደኛል። ሚያዝያ ወር 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስተፈሪያን አባት መንገድ እስኪያስከፍትላቸው ድረስ መውረድ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ራስተፈሪያንነት በጃማይካ ሙዚቃ ውስጥ እየሰፋ ሄደ። ሰባዎቹ ሲገቡ ሬጌ ስለ ጽዮን፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ኢትዮጵያ መዝፈን ጀመረ፤ በለንደኑ ብሪክስተንና በበርሚንግሃሙ ሃንድስወርዝ የተወለዱ የጃማይካውያን ልጆችም ድሬድ አሳድገው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኮፍያ ደፉ። የወላጆቻቸውን አገር አያውቁትም፤ የተወለዱበት አገር «ወደ አገራችሁ ሂዱ» ይላቸዋል። በዚህ መሀል አይተውት የማያውቁት አገራችን የቤታቸው ስም ሆነ።

ስኪንሄዱ በዚህ ዘፈን ውስጥ ቦታ አጣ። ስለ ፍቅርና ስለ ጉልበት ሲዘፈንለት የራሱ አድርጎት ነበር፤ ዘፋኙ ስለ ባርነቱና ስለ ነፃነቱ ማውራት ሲጀምር ጥሎት ወጣ። ይህን ያስተዋለው ዲክ ሄብዲጅ ነው። ጃማይካ የተወለደው ስቱዋርት ሆል በሚመራው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ማዕከል የተማረ ሰው ነው፤ በ1979 ስለ ወጣቶች ንዑስ ባህል ያሳተመው መጽሐፍ እስካሁን ይጠቀሳል። የሄብዲጅ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የታየው የነጭ ወጣቶች ቄንጥ ሁሉ፣ ተናገሩትም አልተናገሩትም፣ ጎረቤት ሆኖ ለመጣው ጥቁር ሕዝብ የተሰጠ ምላሽ ነው። በተጨማሪም ወጣቶች ከተራ ዕቃ (ከመርፌ ቁልፍ፣ ከሥራ ጫማ) የእምቢታ ምልክት እንደሚሠሩ፣ ገበያው ግን ወዲያው ያንኑ ምልክት መልሶ እንደሚሸጥላቸው አሳይቷል። 

በሄብዲጅ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ቄንጥ ምላሽ ከሆነ፣ ምላሹ ምን እንደሚል ከልብሱ ላይ አይነበብም። ያው ቡትስና ያው የተላጨ ራስ በሰባዎቹ መጨረሻ «ናሽናል ፍሮንት» የተባለው ዘረኛ ፓርቲ ወጣት የሚመለምልበት መታወቂያ ሆነ። ልብሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለባሹ ከማን ጎን እንደቆመ ነው።

ይህ የመንገድ ልጆች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤሪክ ክላፕተን በ1974 የቦብ ማርሊን «አይ ሾት ዘ ሸሪፍ» ተጫውቶ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ነሐሴ 1976 ደግሞ በርሚንግሃም መድረክ ላይ ሰክሮ ቆሞ፣ የውጭ ሰው ይውጣልን የሚለውን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓወልን አወደሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳፈረበት ተናግሯል። በብሉዝ ስም ያወጣ፣ በሬጌ ገንዘብ ያገኘ ሰው ነው እንግዲህ።

ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ፎቶ አንሺው ሬድ ሳውንደርስና ጓደኞቹ ለሙዚቃ ጋዜጦች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክላፕተን፣ ሙዚቃህ ከጥቁሮች የተገኘ መሆኑን አትርሳ የሚል። «ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» የተባለው እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ደብዳቤ ነው። መርሁ ቀላል ነበር፦ ያኔ በነጭ ወጣቶች ዘንድ የተነሳውን ፓንክ የሚጫወት ባንድና የሬጌ ባንድ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ። ሚያዝያ 30 ቀን 1978 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ ቪክቶሪያ ፓርክ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ የፓንኩ ባንድ ክላሽና የሬጌው ባንድ ስቲል ፐልስ በዚያው መድረክ ተጫወቱ። ቪክቶሪያ ፓርክ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ናሽናል ፍሮንት ድምፅ የሚለምንበት የምሥራቅ ለንደን ሠፈር ነበር።

ከዚያ ሰልፍ በፊት መሬቱን ያለሰለሰ ሰውም ነበር። የጃማይካውያን ልጅ የሆነው ዶን ሌትስ በ1977 ሮክሲ በተባለው የለንደን የፓንክ ክለብ ሸክላ ያጫውት ነበር። የፓንክ ሸክላ ገና በቁጥር ስለነበረ በባንዶቹ መሀል ሬጌ ያሰማቸው ጀመር፤ ፓንኮቹም ወደዱት። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ስኪንሄዱ ሬጌ ስለ ጭቆና መናገር ሲጀምር ነበር የወጣው፤ ፓንኩ የገባው ስለ ጭቆና በመናገሩ ነው።

በ1979 ኮቨንትሪ ውስጥ ጄሪ ዳመርስ «ቱ ቶን» የተባለውን የሸክላ አሳታሚ አቋቋመ። ምልክቱ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው። ስፔሻልስ በተባለው የእሱ ባንድ ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብረው ስካ የተባለውን የድሮ የጃማይካ ሙዚቃ ይጫወታሉ፤ በሰሌክተር ባንድ ፖሊን ብላክ ሰውን ሁሉ ታስጨፍራለች። በዚህም ጊዜ ከመድረኩ ፊት እጃቸውን ዘርግተው የናዚ ሰላምታ የሚሰጡ ስኪንሄዶች ነበሩ! ስፔሻልስ ጠብ ሲነሳ ሙዚቃውን ያቋርጡ ነበር። ጊታር ተጫዋቹ ሊንቫል ጎልዲንግ በ1980 በዘረኞች ተደብድቧል፤ ስለዚያም የጻፈው ዘፈን በ1981 አንደኛ በወጣው «ጎስት ታውን» ሸክላ ጀርባ ላይ አለ። ሰውየው በሚያስጨፍራቸው ወጣቶች አገር፣ በቆዳው ቀለም የተነሳ መንገድ ላይ ተደበደበ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የእንግሊዞችን ገመና ለማውጣት አይደለም። እኛም በሁለቱም ወገን ቆመናል።

በሚደመጠው ወገን፦ እስራኤል ውስጥ ከ2002 ጀምሮ የኢዳን ራይሄል ፕሮጀክት የተባለው የሙዚቃ ቡድን አማርኛ ከዕብራይስጥ ጋር እየቀላቀለ ተወዳጅ ሆነ። የቤተ እስራኤል ልጆች ድምፅ በየታክሲው፣ በየሠርጉ ተሰማ። በ2015 ግን ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤል ወታደር ሲደበድብ በቪዲዮ ታየና እነዚያው ወጣቶች የቴል አቪቭን መንገዶች ሞሉ። ዘፈናችሁን ትወዱታላችሁ፣ እኛንስ? የሚል ጥያቄ ይዘው የወጡ ይመስለኛል።

በአድማጩ ወገን፦ በየካቲት 2005 የቦብ ማርሊ ስድሳኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ሬጌ ከከተሞቻችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ በአማርኛ ይጫወቱታል። ሻሸመኔስ? በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለደገፉን የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት መሬት፣ ደርግ በ1975 የገጠር መሬትን ሲወርስ አብዛኛው ተወሰደ። ኢትዮጵያ ብለው አገራቸውን ጥለው ሻሸመኔ የሠፈሩ ራስተፈሪያን፣ እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ጭምር፣ ለአሥርተ ዓመታት የኢትዮጵያ ዜግነት አልነበራቸውም። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2017 ነው። በመካከሉ እኛ «ዋን ላቭ» እያልን ስንጨፍር ነበር።

ሙዚቃ ሰውን ያቀራርባል ሲባል ስሰማ እንግዲህ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ሙዚቃ አንድ ክፍል ውስጥ ያገናኘናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ነው። የሬድ ሳውንደርስ ደብዳቤ፣ የቪክቶሪያ ፓርክ ሰልፍ፣ ጠብ ሲነሳ ዘፈን ማቋረጥ፤ አንዱም ከሙዚቃው በራሱ አልፈለቀም። ሰዎች ተቀምጠው አስበውበት፣ አንዳንዴም ተደብድበውበት ያመጡት ነው። ድሬድ ያሳደገን፣ ቲሸርት የለበሰን ሰው በዚያው አልፈርድበትም፣ በዚያውም አላመሰግነውም። የምጠይቀው ዘፈኑን የሰጠው ሰው ቤት ሲከራይ፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ቀበሌ ሲመላለስ እሱ የት እንደነበረ ነው።

ሻሸመኔ ያደጋችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ጃማይካ ሠፈር ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ስማቸው ማን ነበር? እድር ውስጥ ገብተው ነበር? ከቦብ ማርሊ ዘፈን ይልቅ ይህን ብናውቅ ይሻለን ነበር።